ከጎንደር እስከ ጎርጎራ በብስክሌት፦ ከመመለሻው የሚጀምር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ጣናን የማይወድ ሰው አይገኝም። «በሳይክል እንሂድ» ስትሉት ግን ፊቱ ይለወጣል። «መውረዱስ ይሁን፤ መውጣቱስ?» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የጣና ውኃ ደግሞ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው 350 ሜትር ያህል ልዩነት ስትሄዱ ይሸከማችኋል፤ ስትመለሱ እናንተ ትሸከሙታላችሁ።

ስለዚህ የዚህን ጉዞ ዕቅድ ከመመለሻው ጀምሩ። ምን ያህል ዕቃ እንደምትይዙ፣ የትኛው ብስክሌት እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ ጣና ዳር ባለችው ጎርጎራ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ የሚወስነው የመጨረሻው ቀን ዳገት ነው። የሚወርደውን መንገድ ማንም ይነዳዋል።

መመሪያው ለተወዳዳሪ አይደለም። ብስክሌት መንዳት ለሚችል፣ ጤናው ደህና ለሆነና ሦስት ቀን ለሚያገኝ ሰው ነው። አንድ ቀን ወርዶ፣ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ውሎ፣ በሦስተኛው ቀን መመለስ። በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱ ጎበዞች ይኖራሉ። እነሱ ግን ሐይቁን አዩት ለማለት ይከብዳል።

መንገዱን አስቀድማችሁ እወቁት

ከፒያሳ እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ነው፤ በአብዛኛው ይወርዳል፤ ባጃጅና ሚኒባስ ይበዛበታል። አዘዞ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ጎርጎራ። የእናንተ የጎርጎራው ነው። በደንቢያ ሜዳ መካከል አልፎ ቆላ ድባን፣ ከዚያ ጯሂትን ያገኛል፤ መጨረሻው ጎርጎራ ነው። ጠቅላላው ከጎንደር 65 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ከአዘዞ ወዲያ አስፋልት ብቻ ጠብቃችሁ አትውጡ። ጠጠር፣ አቧራና የተቦረቦረ መንገድ እንዳለ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ያ ሰሞን የትኛው ክፍል ደህና፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ የሚነግሯችሁ የመስመሩ ሹፌሮች ናቸው።

እነሱን የምትጠይቁት ሌላ ነገርም አለ፤ እሱም ይቀድማል። ሰላሙ። ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ምሽትም፣ በዕለቱ ጧትም መናኸሪያ ሄዳችሁ ከቆላ ድባና ከጎርጎራ የመጣ ሹፌር ወይም ረዳት አነጋግሩ። ማደሪያችሁ ጋም ደውሉ። ፌስቡክ ላይ የሚወራውን ትታችሁ መንገዱን ዛሬ ያየውን ሰው ስሙ። «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ከረዳቱ ጋር አትከራከሩ። መታወቂያ ያዙ። ኬላ ስትደርሱ ከብስክሌቱ ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ የጸጥታ ኃይልንና ድልድይን ፎቶ አታንሡ። ከመሸ በኋላ አለመንዳት ደግሞ በየትኛውም ወቅት የማይለወጥ ሕግ ይሁን።

ወሩን መምረጥ

ደንቢያ የዋልካ አገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያ ጥቁር አፈር ውኃ ጠጥቶ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ፍሬኑንና ጎማውን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ከዋናው መንገድ አሥር እርምጃ ከወጣችሁ ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ነው የምትመለሱት። የመገጭ ወንዝም በክረምት ሞልቶ ሜዳው ላይ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ክረምትን እርሱት።

ጥቅምት ያምራል። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ኑጉ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ግን ወባ የሚበረታውም ያኔ ነው። ጥር 10፣ 11 እና 12 ጎንደር በጥምቀት እንግዳ ይሞላል። አልጋ በእጥፍ ዋጋ ካገኛችሁም ዕድለኛ ናችሁ፤ መኪናውም ይበዛል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱና አቧራው አለ፤ በሌሊት ተነሥቶ ረፋዱ ላይ ለሚጨርስ ሰው ይቻላል።

እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። መንገዱ ደርቋል፤ ጧቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ አይገድልም። በየማሳው አጨዳና ውቂያ ስላለ ገበሬው ሜዳ ላይ ነው። ሰው ያለበት መንገድ ደግሞ ለብቸኛ ብስክሌተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ብስክሌቱ

ውድ መሆን የለበትም። ወፍራም ጎማና የሚሠራ ማርሽ ያለው ተራ የተራራ ብስክሌት ይበቃል። የጎማውን ስፋት ጎኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ 1.95 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ለጠጠር ይመቻል። ቀጭኑ የውድድር ጎማ ለአስፋልት ነው፤ እዚህ ያስለቅሳችኋል።

ከሁሉ በፊት ማርሹን ፈትሹ። ከፊት ትንሹ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሰንሰለቱ ሳይንጫጫ መቀመጥ አለበት። ለዳገት የምትፈልጉት ይህ ጥምረት ነው። ብዙ የኪራይና የተውሶ ብስክሌት ላይ መጀመሪያ የሚበላሸውም እሱ ነው። ሻጩ ወይም አከራዩ «ይሠራል» ቢል ሜዳ ላይ ነድታችሁ አትመኑ። ዳገት ላይ ሞክሩት።

ፍሬን ሁለቱም መያዝ አለበት፤ የፊቱም የኋላውም። ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት። ቸርኬው ወዲያ ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ ወይም የላላ ሽቦ ካለው ሠሪ ጋ ይሂድ። ኮርቻውን ደግሞ በዚህ አስተካክሉ፦ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። አብዛኛው ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ይነዳል፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። የጎማው አየር መግቢያ እንደ መኪና ወፍራም ይሁን። እንደዚያ ከሆነ የትም ያለ ጎሚስታ በኮምፕሬሰሩ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ማገናኛ ካልያዛችሁ ጎሚስታው በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ጎማ መጠገን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። በየማሳውና በየግቢው ዳር የተቆረጠ የአጥር እሾህ ይረግፋል፤ ጎማችሁ አንዴ መበሳቱ አይቀርም። የሚያስፈልገው ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ካቻቢቴና ለብሎኖቹ ልክ የሆነ መፍቻ ነው። የተበሳውን ካወጣችሁ በኋላ አዲሱን ከመክተታችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ ካልነቀላችሁት አዲሱንም ይበሳዋል።

ልምምድ፦ ቁስቋም

ከመሄዳችሁ ሳምንት አስቀድሞ ለጉዞ የምትይዙትን ዕቃ በሙሉ ጭናችሁ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። ዳገቱ አጭር ነው፤ ግን አይዋሽም። ማርሹ ካመለጠ፣ ዕቃው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ትንፋሻችሁ ካጠረ እዚያ ታውቁታላችሁ። ከላይ ጽዱና ወይራው ጥላ አለው፤ እረፉ። ጭነቱ ከብዷችኋል? እንግዲያውስ ቤት ገብታችሁ ሻንጣውን ፍቱና ግማሹን አውጡት።

ጭነትና ስንቅ

ዕቃ በጀርባ አትሸከሙ። ላብ ነው፤ የወገብ ሕመምም ነው። ከኋላ ፖርቶመጋላ አስገጥሙ፤ ሻንጣውን እዚያ ላይ በላስቲክ ገመድ እሰሩ። ገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ሁለቴ እዩ። ውኃውን ሳይጨምር 8 ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ነጠላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሳሙና፣ አጎበር፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ የቁስል ፋሻ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሉት፤ አቧራው የማይገባበት የለም። ሄልሜት ይኑራችሁ። ጎንደር ውስጥ አድርጎ የሚነዳ ሰው ብዙ አታዩም፤ ይሁንና የአዘዞን ቁልቁለት የምትወርዱት እናንተ ናችሁ።

ስንቅን በተመለከተ የፈረንጅ ቸኮላታ አያስፈልጋችሁም። በሶ አለላችሁ። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ በውኃና በትንሽ ስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጨው ጣል ካደረጋችሁበት ላብ የወሰደውንም ይተካል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁን። በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ብሉ። ሲርባችሁ ከሆነ የምትበሉት ዘግይታችኋል።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ይዛችሁ ተነሡ፤ ቆላ ድባ ላይ ጨምሩ። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከመጣ ጥላ ፈልጉና ቁጭ በሉ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ማንኪያው ሙልት ሳይሆን ልክ ይሁን፤ በተለይ ጨውን አታብዙ።

አንደኛው ቀን፦ መውረድ

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። በዚያ ሰዓት ባጃጁ ገና አልተነሣም፤ ሚኒባሱ ተሳፋሪ እየጠራ ነው። ወደ አዘዞ ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ አድርጉት። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ዝም ብሎ ሲጨበጥ ይግላል፤ የፍሬኑ ጎማም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ሚኒባስ ከፊታችሁ ካለ በድንገት እንደሚቆም ቁጠሩ። ሁልጊዜም ይቆማል። ረዳቱ በሩን የሚከፍተው ወደ ቀኝ ነው፤ እናንተም ያላችሁት በቀኝ ነው።

አዘዞ ቁርስ ብሉ። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት እዚህ ነበር። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ በ1636 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነገሥታቱ ኑሮ በጣና ሰሜን ዳርቻ፣ ከጎርጎራ እስከዚህ ድረስ ነበር። በሌላ አነጋገር እናንተ የምትነዱት ቤተ መንግሥቱ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ነው። እነሱ ዳገቱን በበቅሎ ወጡት፤ ተሻሉ።

ከአዘዞ በኋላ ደንቢያ ይዘረጋል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ አዝሙድ። ጫካ ፍለጋ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። ከዚያ ዓይን ይለምዳል። ሜዳው መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክምር ታያላችሁ። እያንዳንዱ ክምር ቤተ ክርስቲያን ነው። የቀረው ደን ለእርሻና ለማገዶ አልቆ፣ ታቦት ያለበት ቅጽር ውስጥ ያለው ተርፏል። ዋንዛው፣ ሾላው፣ ወይራው፣ ብሳናው እዚያ አለ፤ ወፉም እዚያ ነው።

ማረፊያችሁን በእነዚህ ደኖች ለኩት። ከአንዱ እስከ ሌላው ነድታችሁ እረፉ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከቅጽሩ በር ከብስክሌቱ ውረዱና ግፉት፤ ወይም ከውጭ አቁሙት። ነጠላ ጣል አድርጉ። ቄስ ወይም መነኩሴ ካገኛችሁ «አባ፣ ይባርኩኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ክርስቲያን ካልሆናችሁ «ጤና ይስጥልኝ አባ» ይበቃል። ከዚያ «ጥላው ሥር ትንሽ ብናርፍ?» በሉ። እምቢ የሚል አይገጥማችሁም። ይልቅ «ከየት ነው የመጣችሁት? በዚህ? በሳይክል?» የሚለው ጥያቄ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ለእሱም ሰዓት ያዙለት። ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ቅዳሴ ከሆነ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ውሾች። የገጠር ውሻ ሰውን ይለምዳል፤ ብስክሌት ላይ ያለ ሰውን ግን አይወድም። ፍጥነት ስትጨምሩ እሱም ይጨምራል፤ ያሸንፋልም። ፍሬን ያዙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በእግር ሂዱ። አልመለስ ካለ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ በሉ፤ መወርወር ሳያስፈልግ አብዛኛው ይሸሻል። ባለቤቱም ከሩቅ «አይዟችሁ፣ አይነክስም!» ይላል። አትመኑት። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልም።

ልጆች ይሮጣሉ፤ ይጮኻሉ፤ ፖርቶመጋላውን የሚይዝም አይጠፋም። ቀስ ብላችሁ ሰላም በሏቸው። ሰላምታ የተቀበለ ልጅ ድንጋይ አይወረውርም። ለትልልቆቹ «እንደምን ዋላችሁ» ብላችሁ እለፉ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። አህያና ከብት ሲያጋጥም ደወል አትደውሉ፤ ይደነብራሉ። ከሩቅ ለነጂው ድምፅ ስጡ፤ መንገድ ይለቅላችኋል። ቆላ ድባ ገበያ ከሆነ ደግሞ ውረዱና ግፉ፤ በዚያ ሁሉ ሰውና ጭነት መካከል መንዳት አይቻልም።

ቆላ ድባ የመንገዱ ግማሽ አካባቢ ነው። ሽሮ ብሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ውኃ ሙሉ። ጠላው ለነገ ይቆይ። ከጯሂት ወዲያ መሬቱ ከሜዳነት ወጥቶ ጉብታ ይበዛዋል። እግራችሁ በደከመበት ሰዓት ስለሚመጣ ትንሽ ያናድዳል። ትንሹን ማርሽ አስገቡ፤ አትቸኩሉ። ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ ሐይቁ ዳር

ዛሬ ሻንጣው ማደሪያ ይቆይ። ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ በመሆኗ ስሟ በቴሌቪዥን ብዙ ተነሥቷል። ትንሽ አልጋም ትልቅ ሎጅም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይደውል።

ጧት ደብረ ሲና ማርያም ሂዱ። ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት፣ ውስጧ በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ አውልቁ፤ ፎቶ ከማንሣት በፊት ጠይቁ፤ ብልጭታ አጥፉ። ግቢው ራሱ ደን ነው። ብስክሌቱን በር ላይ ትታችሁ ዙሩት።

ወንዶች ከሆናችሁ በጀልባ ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም መሻገር ትችላላችሁ። ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም፤ ይህን ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት እወቁት፤ በኋላ ቅር እንዳይላችሁ። የጀልባውን ዋጋ ደርሶ መልስ ብላችሁ ተስማሙ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩን ተሳፍራችሁ ሳይሆን ቆማችሁ ሳለ እዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጧት ይሻላል።

ብስክሌት ይበልጥብኛል የሚል ደግሞ በሐይቁ ዳር ወደ አሮጌው ጎርጎራ፣ ወደ ማርያም ግምብ ይንዳ። የአገር ልጅ መንገድ እንዲያሳያችሁ ያዙ፤ ዱካው በማሳና በቁጥቋጦ መካከል ነው። እዚያ ያለው ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሱስንዮስ ዘመን የሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስ፣ በ1622 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጎርጎራ ሞተ። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር ከተላለቀ በኋላ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደር የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። የተቀረጸው ድንጋይ ላይ አትውጡ፤ የቀረው ጥቂት ነው።

ከሐይቁ ጋር ስለመገናኘት ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለ። ትሉ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፤ በቆዳ በኩል ይገባል። እግር መንከርም ይበቃዋል። አትዋኙ፣ ብስክሌቱንም ውኃው ውስጥ ገብታችሁ አትጠቡ። የሐይቅ ውኃ ለመታጠብ ካስፈለገ ፈልቶ ይሁን። እምቦጭም አለ። ከ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በተለይ ሰሜኑንና ምሥራቁን ዳርቻ ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ አረንጓዴ መስክ መስሏችሁ እንዳትረግጡት፣ ከሥሩ ውኃ ነው። ሲመሽ ደግሞ ደንገሉ ዳር አትቀመጡ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፤ መንገዱን ስትዘጉበት አይወድም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ። የጎንደር ሰው ደጋ ስለለመደ ወባን ይንቃል።

ምሳ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ወይም አምባዛ፤ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ዱለት። ቆሮሶው ጥብስ ይሁን፤ አምባዛው ለጉላሽ ይሻላል፤ ይህ የግል ፍርዴ ነው። የዚያ ቀን ከሐይቅ የወጣ መሆኑን ጠይቁ። ከምሳ በኋላ ታንኳ የሚቀዝፉትን ተመልከቱ። ከደንገል የተሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ያደርቁታል።

ማታ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ትንሽ ዘይት ጣሉበት። አየሩን ፈትሹ። ከእራት በኋላ አረቄ ቢጋበዙ «ነገ ዳገት አለብን» በሉ፤ ሰው ይረዳል።

ሦስተኛው ቀን፦ መውጣት

በልባችሁ መንገዱን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ከጎርጎራ ቆላ ድባ፣ ከቆላ ድባ አዘዞ፣ ከአዘዞ ጎንደር። ሦስቱ እኩል አይደሉም። በኪሎ ሜትር አጭሩ የመጨረሻው ነው፤ የሚያደክመውም እሱ ነው። ለእሱ ጉልበት አስቀሩ።

ገና ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። እስከ ቆላ ድባ ድረስ ከጎናችሁ ካለው ጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መንዳት የምትችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ቆላ ድባ ላይ ከልብ ብሉ፤ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ከዚያ እስከ አዘዞ መንገዱ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ዳገት አይመስልም፤ ግን ፍጥነታችሁ ሲወርድ «ብስክሌቱ ተበላሸ እንዴ?» ያሰኛል። አልተበላሸም።

6 ሰዓት አካባቢ አዘዞ ከደረሳችሁ ወዲያው አትቀጥሉ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ምሳ ብሉ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ጫማ አውልቁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ዘንበል ስትል ጀምሩ። ትንሹን ማርሽ ዳገቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ ጭንቅ ውስጥ ሆናችሁ ስትቀይሩ ሰንሰለቱ ሊወልቅ ይችላል። ኮርቻ ላይ ተቀመጡ፤ ቆሞ መርገጥ ቶሎ ያደክማል። ወደ ፊት ሩቅ አትመልከቱ፤ ሃያ ሜትር ይበቃል። ስትደክሙ ወርዳችሁ ግፉ። ብስክሌት መግፋት ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። የአይሱዙን ወይም የባጃጅን ኋላ ይዞ መጎተት። ልጆች ሲያደርጉት ታያላችሁ፤ ይቀላል። መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ወይም ድንገት ሲቆም የሚወድቀው ግን ያዡ ነው፤ ከኋላ የሚመጣውም መኪና ነው።

ጉልበት ካለቀ ሚኒባስ አለ። ብስክሌቱ ከላይ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል። ዋጋውን ሳይጫን ተነጋገሩ፤ ለሰው ስንት፣ ለሳይክል ስንት ብላችሁ ለዩ። ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ የራሳችሁን ገመድ ተጠቀሙ፤ ሲታሰርም ቆማችሁ እዩ። ረዳቱ የሚያስረው ለሱ እንዲመቸው ነው።

ሌላ ደን ለሚፈልግ

ጎርጎራን ያየ ሰው ሁለት አቅጣጫ ይቀረዋል። በባሕር ዳር መንገድ በማክሰኝትና በእንፍራንዝ አልፎ አዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳም አለ። ከአስፋልቱ ወጥቶ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ስለሆነ ብስክሌቱን ከታች አደራ ሰጥታችሁ በእግር ውጡ፤ እንዲህ ያለ የቆየ የደጋ ደን በአካባቢው ጥቂት ነው። እንፍራንዝ ስትደርሱ የአፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ግምብ ጨምሩበት። አስፋልት ነው፤ ግን ትልልቅ መኪና ይበዛል፤ ጠርዙን ያዙ።

ሁለተኛው በሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ኮሶዬ ነው። ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳገት ነው፤ መመለሻው ግን ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደሉ ጫፍ ላይ ታያላችሁ። ከጎርጎራው ተቃራኒ መሆኑ ደስ ይላል። ሹራብ አትርሱ።

ጣናን ሙሉ መዞርም ይቻላል፤ በደልጊና በቁንዝላ ወርዶ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በወረታ ወደ ላይ። የምዕራቡ ወገን ሻካራና ረጅም ነው። ጎርጎራን ደርሶ መልስ ያልነዳ ሰው አይጀምረው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ብስክሌቱን በዚያው ቀን ካልሆነ በነጋታው እጠቡት፤ የደንቢያ አቧራ ሰንሰለት ይበላል። ተውሶ ወይም ኪራይ ከሆነ ደግሞ ተጠግኖ ይመለስ።

ከተመለሳችሁ ከሳምንት ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም አስመርምሩ፤ ደንቢያ አድረን ነበር ብላችሁ ንገሯቸው። ሐይቁ ውስጥ የገባችሁ ወይም እግራችሁን የነከራችሁ ከሆነ ደግሞ ምንም ባያማችሁም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰገራ አስመርምሩ። ቢልሃርዚያ ቶሎ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል።